ከግንቡ ማዶ የነበረው ሰማያዊ ትራክተር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መሣሪያ ማጭድ ነበር። ከመገናኛ በታክሲ ኮተቤ ደረስኩና ባህር ዛፉ ውስጥ የሚገባውን ኮረኮንች ይዤ ሽቅብ ወጣሁ። የማሠልጠኛ ማዕከሉ በር ላይ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። የግቢ ውበት ኃላፊው አቶ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ስሜን ጠየቁኝ።

"መንገሻ" አልኳቸው።

"መንገሻ፣ ያንን ታያለህ?" ብለው በእጃቸው ሜዳውን አሳዩኝ። አየሁት። ከአስተዳደሩ ሕንፃ በር ጀምሮ ቁልቁል እስከ ድንጋይ ግንቡ ድረስ የሚወርድ ሰርዶ ነው። "ከታች ጀምረህ እዚህ ድረስ ታጭዳለህ። እዚህ ስትደርስ ታችኛው በቅሎ ይጠብቅሃል" አሉኝ። ስለ ሥራዬ የተሰጠኝ ማብራሪያ ይኸው ብቻ ነበር። እስከ ጡረታዬ ድረስም አልተለወጠም።

ሰርዶ ለአጫጅ ቀላል ሣር አይደለም። መሬት ለመሬት ስለሚሳብ በግራ እጅህ ጨብጠህ ቀና ካላደረግኸው ማጭዱ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ጠዋት ጤዛው ሳይነሳ ከጀመርክ ስለቱ ይቆርጣል፤ ፀሐይ ጠንከር ካለች በኋላ ግን የምታጭደው ሽቦ ነው። ቁጢጥ ብለህ እየተንፏቀቅህ ነው የምትሄደው። ማታ ቤቴ ስደርስ ጉልበቴ እስኪፍታታ በር ላይ ቆሜ የምጠብቅባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ።

ከዓመታት በኋላ በቤንዚን የሚሠራ፣ እየገፉ የሚሄዱበት ማጨጃ ተገዛልን። ተደሰትን፤ ደስታችን ግን አልቆየም። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም እንደኛው ትንፋሽ ያጥረዋል። ሽቅብ ስትገፋው ያቃስታል፣ ቁልቁል ሲሄድ ደግሞ አንተን ይዞህ ይሄዳል። በክረምት ላይኛውን ሜዳ ጨርሰን ወደ ታች ስንመለስ ሣሩ ጫማችንን ውጦ እናገኘዋለን።

አቶ ደምሴ ጡረታ ሲወጡ ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠ። ስድስት ሠራተኞች ነበሩኝ። ከስድስቱ አንዷ እታገኝ ናት። ማጨጃውን ከወንዶቹ ሁሉ ቀጥ ባለ መስመር የምትገፋው እሷ ነበረች። ምላሷ ግን ከማጨጃው ምላጭ ይብሳል።

ከግንቡ በታች ያለው ግቢ ያኔ ባዶ ቦታ ነበር። በኋላ ባለቤቶቹ ዶዘር አስገብተው ደልዳላ አደረጉት፤ ሣር ተከሉበት፤ የሠርግ መናፈሻ ሆነ። የእኛን ቁልቁለትና የእነሱን ሜዳ የሚለየው ደረት የሚደርስ ግንብ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ማጨጃዬን ሽቅብ እየገፋሁ ሳለ ከግንቡ ማዶ ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሰማያዊ ትራክተር ነው። አሮጌ ነው፣ የእንግሊዝ ሥሪት፤ ምናልባትም ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ግን ቀለሙ አዲስ ነው፤ የፊት መብራቶቹ ክብ ናቸው፤ የራዲያተሩ ወንፊት ተወልውሎ ያበራል። ላዩ ላይ አንድ ሰው ባርኔጣ አድርጎ፣ ጀርባውን ቀጥ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ተቀምጧል። ችሎት ላይ የተሰየመ ዳኛ ይመስላል። እኔ እስከ ምሳ ድረስ የምለፋበትን ያህል ቦታ እሱ አንዴ ዞሮ ጨረሰው።

ቀናሁ። ሌላ ቃል አልፈልግለትም። በሰው ቤት፣ በሰው ሚስት፣ በሰው ሹመት ቀንቼ አላውቅም፤ በዚያ ሰውና በዚያ ትራክተር ግን ቀናሁ። ማጨጃዬን አጥፍቼ የደከመኝ መስዬ ቆምኩና እስኪጨርስ አየሁት።

ሰውየው ተካ ይባላል። በዕድሜ እኩያዬ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከግንቡ ማዶ እጁን እያነሳ ሰላም ይለኝ ነበር። እኔም አነሳለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ ነው፣ እንዳልቸኮልኩ እንዲታወቅልኝ። ቅዳሜና እሁድ ሲሆን ደግሞ ሙሽሮቹ ትራክተሩ ላይ ወጥተው ፎቶ ይነሳሉ። ሙሽራይቱ ቬሎዋን ሰብሰብ ታደርጋለች፣ ተካ እጇን ይዞ ያወጣታል፣ አንዳንዱ ሙሽራ እሱንም ጭምር "ና ግባ" ይለዋል። እኔን በሥራ ዘመኔ ፎቶ ያነሳኝ ሰው ቢኖር መታወቂያ ሳድስ ያነሳኝ ብቻ ነው።

ተካ ትራክተሩን ሲያስነሳ እኔ ወደ ላይኛው ሜዳ መሄድ ጀመርኩ። ላይኛው ሜዳ ሄጄም ድምፁ ይከተለኛል። አንድ ቀን እታገኝ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

"ጋሽ መንገሻ፣ ዛሬም ግንቡን ነው የሚያጭዱት?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ዓይንዎ ከዚያ አልነሳ ብሎ ነዋ! ከቀኑ ቀናሁ ይበሉ፤ ማጨጃዋን ግን አያጥፏት፣ ሁለተኛ አትነሳልንም።"

የእውነትም ያን ቀን ሁለተኛ አልተነሳችም።

አንድ ክረምት የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ሰብለ ቢሮ አስጠራችኝ። በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ግን አለቃ ናትና እርስዎ እላታለሁ፤ እሷም ሽማግሌ ነኝና እርስዎ ትለኛለች። በመስኮቱ በኩል ሜዳውን እያየች ነበር።

"ጋሽ መንገሻ፣ ከክረምት በኋላ ትልቅ ስብሰባ አለብን። ከውጭም ከአገር ውስጥም እንግዳ ይመጣል። ሜዳው በዚህ ዓይነት ከጠበቀን ቦርዱ የግቢ ውበቱን ሥራ ለኮንትራክተር እሰጣለሁ ብሏል።"

"እኛስ?"

"እናንተ... ክፍሉ ይዘጋል ማለት ነው።" ከመስኮቱ ዞረችና ቀጠለች። "ለምኜ ለምኜ አንድ ነገር አስፈቅጃለሁ። ያገለገለ ትራክተር መግዛት እንችላለን። አዲስ አይታሰብም። አንድ ነው የሚገዛው፣ አንዴ ነው የሚገዛው። የተበላሸ ከመረጥን ሁለተኛ ዕድል የለም። እኔ ስለ ትራክተር የማውቀው ነገር የለም፤ እርስዎ ይምረጡ።"

ከቢሮው ስወጣ ስለ ክፍሉ መዘጋት፣ ስለ ስድስቱ ሰዎች፣ ስለ ራሴ እንጀራ ማሰብ ነበረብኝ። አሰብኩም፤ ግን ከዚያ በፊት ያሰብኩት ሰማያዊ ቀለም ነው። የተካን ዓይነት እገዛለሁ፤ ከተቻለም ከእሱ የሚበልጥ። እሱ ደልዳላ ላይ ይነዳል፣ እኔ ከበላዩ ቁልቁለቱ ላይ ሆኜ ቁልቁል አየዋለሁ።

ትራክተር ለእኔ እንግዳ አልነበረም። በወጣትነቴ አርሲ ውስጥ የመንግሥት እርሻ ላይ የትራክተር ረዳት ነበርኩ፤ በኋላም ራሴ እየነዳሁ አርሻለሁ። ማረስ አውቃለሁ። ሣር ማጨድ አውቃለሁ። ሁለቱ ተደመሩ፣ ምን ቀረኝ አልኩ።

እንዲያም ሆኖ ደንቡ ተጠቃሚን መጠየቅ ነው። መሣሪያ ከመግዛትህ በፊት ያንኑ መሣሪያ የሚሠራበትን ሰው ትጠይቃለህ። ሌላ የማውቀው ሰው ስለሌለ ቅናቱ እያመመኝም ቢሆን ወደ ግንቡ ወረድኩ። ተካ ግሪስ እየሞላ ነበር። ጉዳዩን ነገርኩት። ሥራውን አቁሞ ትንሽ አየኝ።

"መርጠህ ግዛ አሉህ?" አለኝ።

"አዎ።"

"አንተው ራስህ?"

"እኔው ራሴ። ምነው?"

ፊቱ ጨለመ። ግሪስ መሙላቱን ቀጠለና ወደ እኔ ሳያይ "የእኔን ዓይነት አትግዛ" አለኝ።

"ለምን?"

"አይሆንህማ! ቁልቁለት ላይ ነህ። ይሄ ፍሪሲዮኑን ስትረግጠው አይቆምም።"

"ፍሪሲዮኑ ተበላሽቶ ነው?"

"አልተበላሸም። አይቆምም አልኩህ አይቆምም። ከፈለግህ ስማ፣ ካልፈለግህ ተወው።" ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ።

እየነደድኩ ተመለስኩ። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቅ ፔዳል ነው፤ ሳይበላሽ ተረግጦ የማይቆም ትራክተር የት አገር ነው ያለው? አርሲ ላይ ስንት ትራክተር ነድቻለሁ፤ ፍሪሲዮኑን ስትረግጠው ባለበት ቀጥ ይላል። ሰውየው ለትራክተሩ መንታ እንዳይኖርበት ነው አልኩ። ሰማያዊ ትራክተር በሰፈሩ አንድ ብቻ እንዲሆን፣ ሙሽራ ሁሉ ወደ እሱ እንዲሄድ ነው የፈለገው አልኩ። ለእታገኝም ነገርኳት።

"ሙሽራ እኛ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል?" አለችኝ። ማጨጃዬን ገፍቼ ሄድኩ።

ላምበረት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ያገለገለ ማሽን የሚሸጥበት ግቢ አለ። ሻጩ አቶ ሽፈራው ይባላሉ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሰው ሁሉ ለእሳቸው ጌታዬ ነው። ትራክተር ይፈለጋል ስላቸው በእጃቸው ጠቆም አደረጉኝ። ግቢው መሐል ሰማያዊው ቆሟል። የተካ ትራክተር መንታ ወንድም፣ ክብ መብራቱ ሳይቀር። በቀጥታ ወደ እሱ ሄድኩ። ከእሱ ጎን የጣሊያን ሥሪት የሆነ፣ ብርቱካንማ የነበረ አሁን ግን ምን ቀለም እንደሆነ የማይታወቅ ትራክተር ቆሟል። ዝቅ ያለ ነው፤ ጎማዎቹ በስፋት የተራራቁ ናቸው። ወንበሩ ተቀዶ ጆንያ ተጠቅጥቆበታል። ማርሚታው፣ የጭስ መውጫው፣ በዘይት ቆርቆሮ ተጠግኗል።

አሮጌ ትራክተር ስታይ መጀመሪያ እጅህን ሞተሩ ላይ ታሳርፋለህ። ሞቆ ካገኘኸው ሻጩ አንተ ከመምጣትህ በፊት አስነስቶታል ማለት ነው፤ በብርድ አልነሳ የሚል ሞተር እንዲህ ነው የሚደበቀው። ከዚያ የዘይቱን ዘንግ መዝዘህ ታያለህ፤ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ከዚያ የፊት ጎማውን በሁለት እጅህ ይዘህ ትነቀንቃለህ። ፔዳሎቹን ታያለህ፤ ሰዓት ቆጣሪው ትንሽ ሠርቷል እያለ የፔዳሉ ብረት ተበልቶ ካለቀ ቆጣሪው ዋሽቷል። ብሎን ላይ ቀለም ካየህ ደግሞ ከቀለሙ በታች ምን እንዳለ ትጠይቃለህ።

ሰማያዊውን ዳሰስኩት። ሞቋል። ብሎኖቹ ሁሉ ተቀብተዋል። የፔዳሉ ብረት እንደ ማንኪያ ስስ ሆኗል። ሌላ ትራክተር ቢሆን ትቼው እሄድ ነበር። ሰማያዊ ስለሆነ ግን "ጠዋት አስነስተውት ይሆናል፣ ምን አለበት" ብዬ አለፍኩት። የራሴን ሕግ አንድ በአንድ ይቅር እያልኩለት ዞርኩት።

ጣሊያኑን ለወጉ ያህል አየሁት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። ሦስተኛ ሙከራ ላይ ተነሳ፤ ጥቁር ጭስ ተፋና ወዲያው ጠራ። ዘይቱ ንጹሕ ነው። የፊት ጎማው አይነቃነቅም። ጎማዎቹ የእርሻ ጥርስ የሌላቸው ለስላሳ ናቸው፤ ሣር አይቦጭቁም። ፔዳሉን ስረግጠው መሐል ላይ ያዝ አደረገኝና ጠንክሬ ስረግጠው እንደገና ወረደ። ፍሪሲዮኑ ተጣብቋል ብዬ ጉድለት ያገኘሁ መሰለኝ። ደስ አለኝ።

"ሰማያዊው ነው" አልኳት ወይዘሮ ሰብለን።

"እንግዲህ እርስዎ ካሉ ነው" አለችኝ። "ግን ሳልፈርም እዚሁ ቁልቁለታችን ላይ ሲያጭድ ልየው። ሁለቱንም ያምጡና ይሞከሩ።"

አቶ ሽፈራው እያጉረመረሙ ሁለቱንም ከአንድ ማጨጃ ጋር በጭነት መኪና አስመጡ። ማጨጃው ከትራክተሩ ጀርባ የሚጎተት ሰፊ ቆርቆሮ ሲሆን ከሥሩ ከባድ ምላጭ ይሽከረከራል። የሚያዞረው ከትራክተሩ ጀርባ የሚወጣ ዘንግ ነው። አርሲ ላይ ይህንን ዘንግ አንድም ቀን ተጠቅሜበት አላውቅም፤ እኛ የምንጎትተው ማረሻ ብቻ ነበር።

ያን ቀን የእሁድ ኮቴን ለብሼ መጣሁ። ባርኔጣም ገዝቼ ነበር። ስድስቱ ሠራተኞቼ፣ የጥበቃ ሰዎች፣ ከቢሮ የወጡት ሁሉ ሕንፃው ደረጃ ላይ ተሰብስበዋል። ሰማያዊው ላይ ወጣሁ፤ ጀርባዬን ቀጥ አደረግሁ፤ አንገቴን ቀና አደረግሁ። አስነሳሁትና በግራዬ ባለው ማርሽ የማጨጃውን ዘንግ አስገብቼ ቁልቁል ለቀቅሁት። ሣሩ ሲታጨድ ጠረኑ ወጣ። ዱብ ዱብ የሚለው ድምፅ አሁን ከእኔ ሥር ነው። ወደ ግንቡ ስቀርብ ተካ ማዶ ቆሞ፣ ክንዱን ግንቡ ላይ አስደግፎ ሲያየኝ አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው። እጄን አነሳሁለት፤ ቀስ ብዬ።

ግንቡ ጋ ስደርስ ለመዞር ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ። ትራክተሩ አልቆመም። ጥርቅም አድርጌ ረገጥኩት፤ እሱ መንገዱን ቀጠለ። ከጀርባዬ የሆነ ነገር በሁለት እጁ የሚገፋኝ ነበር የሚመስለው። ፍሬኑን ስረግጠው የቀኙ ጎማ ብቻ ያዘና ትራክተሩ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ሰው ሲጮህ ይሰማኛል፤ ምን እንደሚል ግን አልሰማም።

"ዘንጉን! የዘንጉን ማርሽ አውጣው! በግራህ ነው!" የተካ ድምፅ ነበር።

እጄ ማርሹን አገኘው፤ በሙሉ ኃይሌ ሳብኩት። ትራክተሩ አፍንጫውን ግንቡ ውስጥ ሰክቶ ቆመ። ሁለት ድንጋይ ወደ ተካ በኩል ተንከባለለ። አንዱ ክብ መብራት ረገፈ። ባርኔጣዬ የት እንደወደቀ አላውቅም።

ተካ ግንቡን ዘሎ አጠገቤ ነበር። እጄን ይዞ አወረደኝ፤ ሙሽሮቹን እንደሚያወርደው። ያን ጊዜ አልተቆጣሁም።

"አይቆምም ብዬህ አልነበረም?" አለኝ።

"ፍሪሲዮኑ..."

"ፍሪሲዮን ስትረግጥ የምታላቅቀው ሞተሩን ነው፣ ምላጩን አይደለም። ያ ከባድ ምላጭ አንዴ ከዞረ በራሱ ጉልበት ይዞራል፤ በዘንጉ በኩል ተመልሶ ጎማውን ይገፋዋል። እርሻ ላይ አይገጥምህም። ማረሻ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይይዝሃል። ማጨጃ ግን ምንም አይይዝህም፣ ይገፋሃል።"

"እንዲህ ብለህ አስረድተኸኝ ቢሆን ምን ነበረበት?"

ወደ ሕንፃው፣ ወደ ወይዘሮ ሰብለ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስለተናደድኩ ነዋ። እኔን ማን ጠየቀኝ? አምጥተው አቆሙትና ንዳ አሉኝ። ሁለተኛው ቀን ላይ የአበባ መደቡን ጨፍልቄ ነው የቆምኩት። አይሆንም ብል ማን ይሰማኛል? አንተን ግን ጠርተው ምረጥ አሉህ። ምረጥ! ቀናሁብህ፣ አንጀቴ ነው ያረረው። እውነቱን ነገርኩህ፤ ግን አጣፍጬ መንገር አቃተኝ።"

እኔ በእሱ ስቀና እሱ በእኔ ሲቀና ነበር የከረምነው።

"ቆይ፣ አንተ ግን እንደዚያ ጀርባህን ቀጥ አድርገህ፣ እንደ ዳኛ ኮርተህ የምትነዳው..."

"ኮርቼ?" ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል አልነበረም። "ፈርቼ ነው እንጂ! አንድ እግሬ ፍሬኑ ላይ ነው፣ ግማሽ ቆሜ ነው የምነዳው። ዓይኔን ካነሳሁ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ነው የምገባው። ማታ ማታ ወገቤ አያስተኛኝም።"

ያን ሁሉ ዓመት የቀናሁበት አቀማመጥ የፈራ ሰው አቀማመጥ ነበር።

ወይዘሮ ሰብለ እየሮጠች ደረሰች። ደህና መሆኔን ካየች በኋላ "ጋሽ መንገሻ፣ አሁንም ሰማያዊው ነው?" አለችኝ። እታገኝ ከኋላዋ ሆና አፏን በእጇ ይዛለች።

አቶ ሽፈራው ስለ ተሰበረው መብራት ጀመሩ። እታገኝ "ድሮስ ይበራ ነበር?" አለቻቸው። ነገሩን ተዉት፤ አይበራም ነበርና።

ማጨጃውን ፈታነውና ጣሊያኑ ላይ ገጠምነው። ተካ አብሮን ፈታ፣ አብሮን ገጠመ። ፔዳሉን በእጁ ተጭኖ ሞከረውና ቀና ብሎ አየኝ። "ይሄ ሁለት ደረጃ ነው" አለኝ። "ግማሽ ስትረግጠው ጎማው ይቆማል፣ ምላጩ ለብቻው ይዞራል። ጥርቅም ስታደርገው ነው ሁለቱም የሚለቁት።" ላምበረት ላይ ጉድለት ነው ብዬ የተደሰትኩበት ነገር ለካስ ይኼ ነበር።

ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ቁልቁል ለቀቅሁት። ግንቡ ጋ ሳልደርስ ገና ከሩቁ ፔዳሉን ግማሽ ረገጥኩት። ጎማው ቀጥ አለ። ምላጩ ከጀርባዬ ለብቻው እየጮኸ ቀረ፤ ምንም የሚገፋኝ ነገር የለም። ዞሬ ሽቅብ ወጣሁ፤ ማርሚታው በቆርቆሮው ቀዳዳ እያፏጨ ሽቅቡን ጨረሰው። "ይኸኛው ነው" አልኳት ወይዘሮ ሰብለን። ፈረመች።

ክረምቱ ሳይወጣ ሜዳው ለሰው ዓይን ደረሰ። እንግዶቹ መጡ፤ ሣሩ ላይ ወንበር ተደረደረ። ክፍሉ አልተዘጋም፤ ከስድስቱ ሰዎች አንድም አልተቀነሰም። ቅር ያላቸው ከላይ ከእንጦጦ በኩል ሣር የሚወስዱልን ላም ያላቸው ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ምላጩ በጣጥሶ የሚተፋው ሣር ለድርቆሽ አይሆንም ብለው አኮረፉን። ለእነሱ ብለን ዳር ዳሩን እስከ መጨረሻው በማጭድ አጨድንላቸው።

ቅናቴ ግን አለቀ ብላችሁ እንዳታስቡ። ፈርቶ እንደሚነዳው አውቃለሁ፣ ወገቡን እንደሚያመው አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ሙሽሮቹ ሰማያዊው ላይ ሲወጡ ባየሁ ቁጥር ወደ ላይኛው ሜዳ እሄድ ነበር። በእኔ ጣሊያን ላይ ፎቶ ልነሳ ያለ አንድም ሰው አልመጣም። ቀለም ልቀባው አስቤ ነበር። እታገኝ "ቀለም ከተቀባ ሌላ ሰው ይቀናብንና ይወስድብናል" ስትለኝ ተውኩት።

በኋላ የሠርግ መናፈሻው ተሸጠ፤ ፎቅ ሊሠራበት ነው። ሰማያዊውን መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ካፌ ወስዶ በሩ ላይ አቆመው። ሞተሩን አውጥተው በቦታው አበባ ተከሉበት። ተካም ከሥራ ተሰናበተ። የመጨረሻው ቀን በግንቡ ሳይሆን በዋናው በር፣ እንደ እንግዳ ዞሮ መጣ።

"መንገሻ፣ አንድ ነገር ልለምንህ" አለኝ። "በጣሊያንህ አንዴ ልዙርበት።"

ማጨጃው እንደተያያዘ ቁልፉን ሰጠሁት። ወጣ፤ ጆንያው ላይ ተመቻቸ። የመጀመሪያውን ዙር እንደ ልማዱ ጀርባው እንደ ችካል ቀጥ ብሎ፣ ግማሽ ቆሞ ነዳ። ግንቡ ጋ ሲደርስ ፔዳሉን ረገጠ፤ ጣሊያኑ ቆመለት። ትንሽ ቆየና እንደገና ለቀቀው፣ እንደገና ረገጠው። ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አየሁት። ሦስተኛው ላይ ጀርባው ጎበጥ አለ፣ ትከሻው ወረደ፣ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ጭኑ ላይ አሳረፈ። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገው። ያን ሁሉ ዓመት ከግንቡ ማዶ ሳየው እንደዚያ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም።

ሞተሩን አጥፍቶ ሲወርድ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። "የሣሩ ብናኝ ነው" አለኝ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖረው። "ቀናሁብህ" አለኝ።

"እኔም እኮ" አልኩት።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ትራክተሩን የምትነዳው እታገኝ ናት፤ የግቢ ውበት ኃላፊም እሷ ሆናለች። የምኖረው አሁን ከማዕከሉ ሥር ስለሆነ ጠዋት ጠዋት የማርሚታው ፉጨት ይሰማኛል። አንዳንድ ቀን በአጥሩ በኩል ሳልፍ አያታለሁ፤ ጎበጥ ብላ፣ ዘና ብላ፣ በአንድ እጇ መሪውን ይዛ ቁልቁል ትወርዳለች። እውነት ለመናገር እቀናለሁ።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህንን ነው። አሮጌ ትራክተር ልትገዙ ስትሄዱ በገዛ መሬታችሁ ላይ፣ በገዛ ማጨጃችሁ አስነድታችሁ እዩት። ቀለሙን አትዩ። ላዩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ጀርባ እዩ። ቀጥ ካለ ተዉት፤ ጎበጥ ካለ ግዙት።